የተሞረደው ቁጥር

ከአሁኑ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ባልንጀራዬ ዓይኑ እየጠፋ ነበር፣ እኔ ደግሞ አላወቅሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና እየፈታን ስንገጥም፣ እሱ ለምን እንደሚቸኩል ሳይገባኝ «ምን ያጣድፍሃል፣ ሠርግ አለብህ እንዴ?» እያልኩ ስነዘንዘው ከረምኩ። የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ዓይኑ ጨርሶ ሳይከዳው ያቺ መኪና በአስፋልት ላይ በፊቱ ሽው ብላ ስታልፍ አንዴ ማየት። ሌላው ሁሉ የሞተርና የቆርቆሮ ወሬ ነው።

ስለ እኔ ብዙ የሚባል የለም። አባቴ ሸንኮራ ሊቆርጥ ከሰሜን ወደ ወንጂ የመጣ ሰው ነው፤ እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው ወርክሾፕ ገብቼ፣ ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስጠርብ አረጀሁ። ባልንጀራዬ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረ ነው። እሱ ባትላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨራመተ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ ቀጥቅጦ ቀድሞ ወደነበረበት የሚመልስ። ከእኔ ቀድሞ ለቀቀና አዳማ ላይ ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። እኔም ጡረታ ስወጣ አዳማ ገባሁ፤ ከቤቴ እስከ እሱ ጋራዥ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አፉ መርዝ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ።

ወጣት ሳለን የወርክሾፑ አለቃችን ሴቼንቶ ነበረችው። ለማያውቃት፣ ሴቼንቶ ማለት ጣሊያን ሠራሽ፣ ሁለት በር፣ ሞተሯ ከኋላ ሻንጣዋ ከፊት የሆነ ትንሽዬ መኪና ናት። አለቃችን ያቺን ነጭ መኪና በጎኗ ቀይ መስመር አስቀብቶ፣ ሞተሩ እንዳይግል የኋላ ክዳኗን በብረት ዘንግ ደግፎ ከፍቶ፣ እሁድ እሁድ በሸንኮራው መሃል ባለው ቀጥ ያለ ኮረኮንች ላይ ይለቃታል። እኛ ቦዩ ዳር ተቀምጠን እንጠብቃለን። መጀመሪያ አቧራው ይታያል፣ ከዚያ ድምፁ ይመጣል፣ ከዚያ እሷ። ካለፈች በኋላ ጥርሳችን ላይ አሸዋ እየተንቀጫቀጨ እንስቃለን። አንድ ቀን እንዲህ ያለች እንሠራለን ተባባልን። ልጅነት ነው፤ ምን የማይባባሉት አለ።

ነገሩ እንደተረሳ ቢቀር ይሻለኝ ነበር። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ግቢ ውስጥ እንደ ዶሮ ተንቆራጠጥክብኝ፣ አንድ ነገር ያዝ» ማለት ስትጀምር፣ እሱ መጣና «ዓለም ጤና ከተማ አንዲት ሴቼንቶ ቆማለች አሉ፣ ተነሥ» አለኝ። እንኳን እናቴ ሞታ እንዲያውም አልቅስ አልቅስ ይለኛል እንደሚባለው ተነሣሁ።

መኪናዋ ያለችው ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት አሮጊት ግቢ ነበር። ባልንጀራዬ «አካም ጅርቱ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታውን አስረዘመው፤ እኔም የምችለውን ያህል አከልኩበት። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የነካት የለም። ጎማ የለ፣ መስተዋት የለ፣ ወንበር የለ። አሮጊቷ ሽንኩርት ያስቀምጡባታል። በሩን ስከፍተው ቀይ ሽንኩርት እግሬ ላይ ተንዶ ፈሰሰ። ሊብሬዋ ግን ሣጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልላ ደኅና ነበረች። የፊት ሻንጣውን ከፈትኩ፤ የፋብሪካ ሰሌዳዋ ተነቅሎ ጠፍቷል፣ ከግድግዳው ብረት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ግን አለ። አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አነበብኩት። ገጠመ። አሮጊቷ «ለሽንኩርቴ የት ልሂድ ታዲያ?» አሉን፤ በማግስቱ ከእንጨት መደርደሪያ አሠርተን አስገባንላቸውና መኪናዋን ጭነን ወጣን።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ድካም አታንሱብኝ። ሰው አሮጌ መኪና መሥራት ማለት መፍታትና መግጠም ይመስለዋል። መጠበቅ ነው። እኛ ደግሞ እንደ ድሮው ልንሠራት አልፈለግንም፤ መልኳ የአለቃችን መኪና፣ ሆዷ የዛሬ እንዲሆን ነው የተስማማነው። ከተጋጨች የጃፓን ትንሽ መኪና ላይ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ከነካምቢዮው አወረድን። ሞተሩ ከነኮምፒውተሩ ነው፤ የሽቦው ብዛት የበግ አንጀት ይመስላል። አንዱን ሽቦ ስታገናኝ ሌላው ይኮርፋል። የፊት ፍሬኑን ዲስክ እናድርግ አልን፤ ዲስኩ ከዱባይ ይመጣል ተባለ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ አምስት ወር ቆየ። ሲመጣ ከቸርኬው ጋር አልገጥም አለ። ራዲያተሩን ከፊት አስቀምጬ የውሃ ቱቦውን በሆዷ ሥር እስከ ኋላ ስዘረጋ ወገቤ የቀረው እዚያ ነው። የሞተሩን መቀመጫ በቶርኖ ሦስት ጊዜ አወጣሁት፤ ሁለቱ ለመዝጊያ መደገፊያ ሆነዋል። መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ የአዳማ ነፋስ ይነሣና ቀለም መርጨት አይቻልም። ነፋሱ ሲያርፍ ሙቀቱ። ስንት ቀን ነው መፍቻውን ወርውሬ «ሁለተኛ አልነካትም» ብዬ የገባሁት። ባለቤቴ «ነገ ጠዋት መፍቻውን የት እንደጣልከው እንዳትጠይቀኝ» ትለኛለች። ጠዋት እጠይቃታለሁ።

ሞተር ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አስቀድሜ አመልክቼ ደብዳቤውን ይዣለሁ። እኔ በወረቀት ነገር ግትር ነኝ። ባልንጀራዬ ሁልጊዜ «አንተ ሞትህን ራሱ በማመልከቻ ነው የምትሞተው» ይለኛል።

የቆርቆሮው ሥራ የእሱ ነው። አጥር ግቢዬ ውስጥ ከማንጎው ሥር ወንበር አስቀምጦ ይቀጠቅጣል። ድሮ ከሩቅ ሆኖ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቆርቆሮውን በብርሃን አይቶ ነበር ጎድጓዳውን የሚያውቀው። አሁን ሁለቱንም ጨፍኖ በጣቱ ይዳብሳል። መዳፉን ዘርግቶ ከበሩ እስከ ኋላ ክንፉ ይወስደዋል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፣ «እዚህ አለች» ይላል፤ እውነትም አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያደንቀው ነበር። እኔም ሙያ መስሎኝ አደነቅሁ።

ያላየሁት እኔ ነኝ። የተቃጠለ ዘይት ያጠራቀምኩበትን ትሪ ሁለቴ በእግሩ ደፋው፤ «ምን ነካህ፣ እንደ ግመል ቀና ብለህ ነው የምትሄደው?» ብዬ ጮህኩበት። የቀለም ቆርቆሮዎቹን ደርድሬለት «ቀዩ የቱ ነው?» ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ። ብሎን ስሰጠው እጁ አየር ላይ ይጠብቃል፣ ወደ ብሎኑ አይመጣም። የሻይ ብርጭቆው ሲሞላ ጣቱን ጠርዙ ላይ ያደርጋል። «ቶሎ በል እንጂ፣ ምን ትንቀረፈፋለህ» ይለኛል በየቀኑ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እለዋለሁ እኔ፤ ተረት አዋቂው።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተነሣ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሦስት ሜትር ወደ ፊት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ነዳኋት። ነጭ ናት፣ ቀይ መስመሯ በጎኗ አለ፣ የኋላ ክዳኗ በዘንግ ተደግፎ ክፍት ነው። ባልንጀራዬ ግንቡን ተደግፎ ቆሞ ዓይኑን አጥብቦ ያይ ነበር። «እንዲህ ቆማ አይደለም፣ ስትሄድ ነው» አለኝ። «ትሄዳለች፣ ወረቀቷ ይለቅ» አልኩት።

ለምርመራ የምትቀርብበት ቀን ጠዋት በማለዳ መጣ። ፊቱን ተላጭቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ። «እኔ አስፋልቱ ጥግ ልቁም፣ አንተ ከግቢ አውጥተህ በፊቴ ንዳትና ከዚያ ወደፈለግህበት ውሰዳት» አለኝ። «ቦሎ የሌላት መኪና አስፋልት ላይ? ምን ቆርጦኝ» አልኩት። «ሁለት መቶ ሜትር ናት» አለ። «ሁለት ሜትርም ብትሆን» አልኩ። «በሞቴ» አለኝ። በሞቴ ሲለኝ በዚያ ሁሉ ዘመን ሁለተኛው መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው እናቴ የሞተች ዕለት ከቀብር መልስ ምግብ እንድቀምስ ነበር። እኔ ግን ጭነት መኪና ተከራይቼ ነበርና «ሕጋዊ ስትሆን እስክትጠግብ ታያታለህ» ብዬ በገመድ አስሬ ጫንኳት። እሱ ጥጉ ላይ ቆሞ ቀረ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

መርማሪው ጨዋ ልጅ ነበር። መብራቱን አየ፣ ፍሬኑን አየ፣ በዲስኩ ተደነቀ፣ የሞተሩን ቁጥር ከፈቃዱ ደብዳቤ ጋር አስተያየ። «አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሠሯት? እጅዎ ይባረክ» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን ሊያነሣ የፊት ሻንጣውን ከፈተ። አነሣሡ እንዲህ ነው፤ የተመታው ቁጥር ላይ እርሳስ ይቀባል፣ ስኮች ይለጠፍበታል፣ ሲላጥ ቁጥሩ ስኮቹ ላይ ይወጣል፣ ስኮቹ ፋይሉ ላይ ይለጠፋል። ልጁ እርሳሱን ቀባ፣ ስኮቹን ለጠፈ፣ ላጠ። ምንም የለም። ደግሞ ለጠፈ።

«አባባ፣ ቁጥሩ የታለ?»

«እዚያው ነው፣ ልጄ፣ ደኅና አድርገህ እይ» አልኩና መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ግድግዳው ልስልስ ብሏል። ጎድጓዳ የሚሞላበት ስቱኮ የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ከመኪናዋ ሁሉ የተዋጣለት ሥራ ያ ቦታ ነበር።

ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። በዓይኑ ለሚሠራ ሰው ቁጥር ቁጥር ነው። በጣቱ ለሚሠራ ሰው ግን የተመታ ቁጥርና ዝገት የበላው ብረት አንድ ናቸው። ዳብሶ፣ ሸካራ ሲሆንበት፣ ዝገት ነው ብሎ ሞርዶ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶታል። አርባ ዓመት ስንት ቁጥር ሸፍኖ የጠበቀ ባትላሜራ፣ ቁጥር ፊቱ ላይ ሆኖ አላየውም። የዘይቱ ትሪ፣ የቀለሙ ቆርቆሮ፣ አየር ላይ የሚጠብቀው እጅ፣ የጠዋቱ በሞቴ። የመኪናዋን ክንፍ ያዝኩ።

«ማነው የሞረደው?» አለኝ ልጁ፤ አሁን ድምፁ ተለውጧል። አልፈርድበትም። ቁጥሩ የተፋቀ መኪና የተሰረቀ መኪና ነው፤ ቁጥር የፋቀ ጋራዥ ደግሞ ይታሸጋል፣ ባለቤቱ ይጠየቃል። ባልንጀራዬ ቢጠየቅ ምን ይላል? ወይ ሌባ ነኝ ይላል፣ ወይ ዕውር ነኝ ይላል። ዕውር ነኝ ካለ መኪናውን አምኖ የሚሰጠው አንድ ሰው አዳማ ላይ አይገኝም። ሌባ ነኝ የሚለውን ይመርጥ ነበር፤ አውቀዋለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ዝገት መስሎኝ። ቶርኖ እንጂ ቆርቆሮ አላውቅም፣ ልጄ፣ ባልሠራሁት ሙያ ገብቼ ነው።»

እስከ ከሰዓት ድረስ ቃሌን ሰጠሁ፤ ሦስት ገጽ ፈረምኩ። መኪናዋ ከምርመራው ግቢ እንዳትወጣ ተባለ። ብረቱ አዲስ አበባ ባሉ ባለሙያዎች ይመረመራል፣ በመድኃኒት ታጥቦ ቁጥሩ ከሥሩ ከተነበበ ትለቀቃለች፤ ካልተነበበ አትለቀቅም። ባለቤቴ ከጎረቤት ሰምታ እየሮጠች መጣች። «በስተርጅና ደግሞ የመኪና ሌባ ሆንክልኝ?» አለችኝ በሰው ፊት። መንገድ ላይ ስንሄድ ግን ቀስ ብላ «አንተ መቼ ነው ግራይንደር የያዝከው?» ብላ ጠየቀችኝ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

ማታውኑ እሱ ዘንድ ሄድኩ። ጋራዡ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። «ቁጥሩን ሞርጄው ኖሯል፣ ያዟት» አልኩት። «አንተ?» አለ። «እኔ። አንተ ያልነበርክ ቀን።» «የቱ ጋ ነው የሞረድከው?» አለኝ። ነገርኩት። እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ፣ ቦታውን በሐሳቡ የሚዳብስ ይመስል ነበር።

«ስኮቹ ምንም አላነሣም?»

«ምንም።»

«ሥራህ ሁሌ ሸካራ ነበር» አለኝ። «እንዲህ አድርገህ ማለስለስ ከመቼ ወዲህ ቻልክ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ባጃጆቹ ሲያልፉ አየን፤ ማለት እኔ አየሁ። በመጨረሻ ራሱ ተናገረ። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው አሉኝ አለ፤ ዳር ዳሩን በልቶ መሃሉን ትቶልኛል፣ መሃሉም ጭጋግ ገብቶበታል፣ ጠብታው የቀረውን ያቆይልህ ይሆናል ብለውኛል አለ። «ይሆናል ነው ያሉት» ብሎ ደገመልኝ። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ጠዋት መኪናዋን ስጭን ያልኩት ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። አለቀስኩ። ከማያይ ሰው ተደብቆ ማልቀስ ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ «ተው፣ አታስቀኝ» አለኝ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። በየሳምንቱ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ገና ነው ይሉኛል። መኪናዋ ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ቆማለች፣ ዝናቡ ይወርድባታል፣ ወፍ ይቀመጥባታል። ላስቲክ ላልብሳት ብዬ ብለምን እንዳትነካ አሉኝ። አንድ ቀን ተቆጥቼ «የሰው ዓይን እየጠፋ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት «የእርስዎ ነው፣ አባባ?» አለችኝ። ምን እላታለሁ፤ «አዎ» ብዬ ወጣሁ።

ከእነሱ ጋር መጣላት ምን ዋጋ አለው፤ ሥራቸው ነው። እኔን ያደከመኝ ከዚያ መልስ እሱ ዘንድ መግባቱ ነው። ገና ከበሩ ስገባ በእግሬ ኮቴ ያውቀኛል። ሐምሌ ላይ «ወጣች?» ይለኝ ነበር። ነሐሴ ላይ «እ?» ብቻ ይላል። መስከረም ላይ መጠየቁን ተወ። ጋራዡን ለሌላ ባትላሜራ አከራየና እሱ በር ላይ ተቀምጦ፣ ሰው የቀጠቀጠውን ቆርቆሮ እየዳበሰ «እዚህ አለች» ሲል ይውላል። አሁንም ሁሉም ያደንቀዋል። በዚያ ተጽናናሁ።

እኔ ግን በየዕለቱ አንድ ነገር አደርግ ነበር፤ አጠገቡ ስቀመጥ ሳያውቅብኝ እፈትነዋለሁ። እጄን ቀስ አድርጌ አነሣለሁ። ሰኔ ላይ እጄ ግራ ትከሻው ጋ ሲደርስ ያይ ነበር። ጳጉሜን ላይ አፍንጫው ፊት ካልደረሰ አላየም። እንዲህ ማድረጌ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ምን ያህል እንደቀረን ለማወቅ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ጥቅምት ውስጥ ቁጥሩ ተነበበ። ብረቱን አጥበው፣ ከሥር እንደ ጥላ ሆኖ ወጣ አሉኝ፣ ከሊብሬው ጋር ገጠመ፤ በገንዘብ ተቀጥቼ መኪናዋ ተለቀቀችልኝ። ቦሎውን ለጥፌ በቀጥታ ወደ እሱ ነዳሁ። በሩ ላይ ስቆም አላወቀኝም፤ ሞተሯ ብዙ ድምፅ የለውም፣ እንደ ስፌት መኪና ነው። «እኔ ነኝ፣ ውጣ፣ እንሂድ» አልኩት። ኮቱን አስመጣ።

በሞጆ፣ በቆቃ አድርገን፣ ዓለም ጤናን አልፈን ወደ መቂ ወጣን። መንገዱ እዚያ ጋ ሜዳና ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ሽንኩርት ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል። መስኮቱን ከፍቶ እጁን አውጥቶ ነፋሱን ይይዝ ነበር። ብዙ አላወራንም። አንድ ሰፋ ያለ ቦታ አቆምኩና «እዚህ ልውረድ ትላለህ፣ ወይስ አብረን እንቀጥል?» አልኩት። እውነቱን ለመናገር አብረን እንቀጥል እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። «እወርዳለሁ» አለ። ክንዱን ይዤ ከአስፋልቱ ዳር አራት ርምጃ አርቄ አቆምኩት፣ ፊቱን ወደምመጣበት አዞርኩለት። «ወደ ዓለም ጤና ተመልሼ ነው የምመጣው፣ ከዚህ» ብዬ ትከሻውን ነካሁት። «አውቃለሁ፣ ሂድ» አለኝ።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ተመለስኩ፣ ዞርኩ፣ ወርጄ የኋላ ክዳኑን በዘንጉ ደግፌ ከፈትኩ፣ ገባሁና ረገጥኩ። እንዲህ ረግጬ አላውቅም። መሪው በእጄ ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ አየሁት፤ ኮቱ ነፋስ ይነፋዋል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከእኔ ፊት አንድ ነጭ ሚኒባስ ይሄድ ነበር። ልቀድመው መሪ ሳወጣ ከመቂ በኩል ጭነት መኪና መጣብኝና ተመለስኩ። ሚኒባሱ እሱ ጋ ሲደርስ ክላክሱን ነፋ፤ ሽማግሌ ዳር ላይ ሲያይ ነው መቼም። ባልንጀራዬ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። ሚኒባሱ ሽው ብሎ አለፈው፣ አቧራው ተነሣ፣ እሱ እጁን እንዳነሣ በአቧራው ውስጥ እየሳቀ ቆመ። እኔ ስደርስ እጁን አውርዶ በመሐረብ ፊቱን እየጠረገ ነበር። በዚያ ፍጥነት አጠገቡ አለፍኩ። ቀና አላለም።

ዞሬ እስክመለስ ድረስ የምለውን እያሰብኩ ነበር። እንደገና ልምጣ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ጠብቄ ልምጣ፣ ከመምጣቴ በፊት ክላክስ ልንፋ። አጠገቡ አቁሜ ወረድኩ።

«አየሁህ» አለኝ ገና አፌን ሳልከፍት። ፊቱ በሙሉ አቧራ ነው፣ ጥርሱ ላይ ሳይቀር። «ልክ እንደዚያ ጊዜ ናት። ነጭ ሆና መጥታ እልም አለች።»

«ልድገምልህ?» አልኩት።

«አትድከም» አለኝ። «አንዴ አየሁ፣ በቃኝ።»

እጁን ያዝኩና ወደ በሩ ወሰድኩት። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ እኔም በጣም ደክሞኝ ነበር፤ ግባ አልኩት።